«ርዕደ መሬት» መቼ፣ «ንዝረት» መቼ? የቃላቱ ትርጉምና አጠቃቀም

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ተንቀጠቀጠ። አዲስ አበባ ውስጥም ብዙ ሰው፣ በተለይ ፎቅ ላይ የሚኖረው፣ ከእንቅልፉ ባነነ። እንዲህ ባለ ሌሊት በየስልኩ የሚዞረው መልእክት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «አዲስ አበባ ላይ በሬክተር ስኬል 5.8 ርዕደ መሬት ተከሰተ።» ሲያነቡት ልክ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ርዕደ መሬቱ የተነሣው አዲስ አበባ ላይ አይደለም። 5.8 የሚለው ቁጥርም አዲስ አበባ ላይ የተሰማውን አይለካም። ከተማዋ የደረሳት ከ150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት የመጣ ንዝረት ነው። ያን መልእክት ያነበበ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ግን ቤታችሁ የፈረሰ መስሎት፣ ልቡ ተሰቅሎ ነው የሚደውለው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ልዩነት ያዙ። ርዕደ መሬት ክስተቱ ነው፤ አንድ መነሻ ቦታ፣ አንድ ሰዓትና አንድ መጠን አለው። ንዝረት ግን ከዚያ ክስተት ተነሥቶ እናንተ ያላችሁበት ድረስ የመጣው ነው፤ እንደ ርቀቱ፣ እንደ አፈሩ፣ እንደ ፎቁ ይለያያል። ርዕደ መሬቱ አንድ ሆኖ ንዝረቱ ግን መተሐራ ላይ ሌላ፣ አዳማ ላይ ሌላ፣ ገርጂ 7ኛ ፎቅ ላይ ሌላ ነው። ትክክለኛው ዐረፍተ ነገር እንግዲህ ይህ ነው፦ «አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ርዕደ መሬት ተከስቷል፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።» ሁለት ግስ፣ ሁለት ቦታ። «ተከሰተ» ወይም «ደረሰ» ለመነሻው፣ «ተሰማ» ለእኛ፣ «ተመዘገበ» ደግሞ ለመሣሪያው።

ቃሉ የ«ራደ» ወንድም ነው

«ርዕደ መሬት» የግዕዝ ጥምር ስለሆነ ባዕድ ይመስላል እንጂ ሥሩን በየቀኑ እንጠቀምበታለን። «ፈራ፣ ራደ» እንል የለም? «ጉልበቱ እየራደ ቆመ» እንል የለም? ግሱ ያው ነው። በግዕዝ «ርዕደ» ማለት ተንቀጠቀጠ ማለት ነው፤ አማርኛ ላይ ሲደርስ ዐይኑ፣ ማለትም የ«ዕ» ድምፅ፣ ተውጦ «ራደ» ሆነ። በጸሎት ላይ «በፍርሃት ወበረዓድ» ሲባል የምንሰማው «ረዓድ»ም ከዚሁ የወጣ ነው። «ርዕድ» የሚለው ስም ከሌላ ስም ጋር ሲናበብ መጨረሻው ወደ «ደ» ይዞራል፤ ቤት «ቤተ መጻሕፍት»፣ እሳት «እሳተ ገሞራ» እንደሚሆነው። የመሬት መራድ ማለት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ይህን ማወቅ ሦስት ስሕተት ያስቀራል። የመጀመሪያው «የርዕደ መሬት መንቀጥቀጥ» የሚለው ነው። ርዕድ ራሱ መንቀጥቀጥ ስለሆነ «የመሬት መንቀጥቀጥ መንቀጥቀጥ» እንደ ማለት ይሆናል። ወይ «ርዕደ መሬት» በሉ፣ ወይ «የመሬት መንቀጥቀጥ»፤ ሁለቱን አትደርቡ። ሁለተኛው የቅጥያው ቦታ ነው። ቅጥያ ሁልጊዜ «መሬት» ላይ ይገባል፦ ርዕደ መሬቱ፣ ርዕደ መሬቶች፣ ርዕደ መሬቱን። በፊት የሚገባው ደግሞ «ርዕደ» ላይ፦ በርዕደ መሬት፣ የርዕደ መሬት፣ ከርዕደ መሬቱ በኋላ። ሦስተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። ሥሩ በዐይኑ ዕ ስለሆነ «ርዕደ» ነው የሚጻፈው፤ «ርእደ» ብሎ የሚጽፍም ብዙ ነው፣ ስለዚህ ዜና ስትፈልጉ ሁለቱንም አጻጻፍ ሞክሩ። «ረዕደ» እና «ርደ» ግን ከሥሩ ጋር አይገጥሙም።

እስራኤል ለሚኖሩ ወገኖች ቃሉ እንግዳ አይሆንም፤ ዕብራይስጡ «ረዒዳት አዳማ» የሚለው ከዚያው ሥር ነው። እዚያ «አዳማ» ማለት መሬት ነው፤ ማስጠንቀቂያውን በጆሮ ብቻ የሰማ አዲስ ገቢ ግን የእኛን አዳማ ከተማ የሚጠሩ ሊመስለው ይችላል። በዓረብ አገር ያላችሁ የምትሰሙት «ዚልዛል» ሌላ ሥር ነው። በኦሮምኛ ደግሞ «ኪርኪራ ለፋ» ይባላል፤ ፈንታሌና መተሐራ አካባቢ ላለ ሰው ስትደውሉ ይህን ቃል ማወቁ ይጠቅማል።

በዕለት ንግግር «የመሬት መንቀጥቀጥ» ከ«ርዕደ መሬት» የሚያንስ አማርኛ አይደለም። ትርጉሙ ያው ነው። ለዜና፣ ለሪፖርትና ለርዕስ «ርዕደ መሬት» ያጥራል፣ ይመቻል። ለልጆችና ለአረጋውያን፣ በስብሰባ ላይም ለሕዝብ ስትናገሩ ግን «የመሬት መንቀጥቀጥ» በሉ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚያውቁት «የምድር መናወጥ» የሚለውን ስለሆነ እሱንም ጣል ማድረግ አይከፋም። አደጋ ላይ ቃል የሚመረጠው ለውበቱ አይደለም፤ ሰሚው ቶሎ እንዲገባው ነው።

ከ«የመሬት መንሸራተት» ጋር ግን አታምታቱት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ የደረሰው መንሸራተት ነበር፤ ዝናብ የጠገበ ተዳፋት ተንዶ። መንቀጥቀጥ መንሸራተትን ሊያስከትል ይችላል፤ ሁሉም መንሸራተት ግን ከመንቀጥቀጥ አይመጣም።

ቁጥሩ የምን ቁጥር ነው?

ብዙው ግርግር የሚነሣው ከዚህ ነው። ለርዕደ መሬት ሁለት ዓይነት መለኪያ አለ፣ አማርኛ ላይ ግን ሁለቱንም «ጥንካሬ» ብለን እንጠራቸዋለን። ለይተን እንጥራቸው፦ አንዱን «መጠን»፣ ሌላውን «የንዝረት ደረጃ»።

መጠን ከመነሻው የወጣውን ጉልበት ይናገራል። ጎረቤት በርበሬ በሙቀጫ ስትወቅጥ አስቡ። ውቀጣው አንድ ነው። ግድግዳ ለምትጋራት ሴት ግን ሲኒዎቿ ይንቃጨላሉ፤ ሦስተኛው ቤት ያለችው ድምፁን ብቻ ትሰማለች፤ መንገድ ማዶ ያለችው ጭራሽ አታውቅም። የክንዱ ብርታት መጠኑ ነው፤ የሲኒው መንቃጨል የንዝረት ደረጃው።

«በሬክተር ስኬል» የምንለው የቻርልስ ሪክተርን ስም ይዞ ነው፤ አሜሪካዊው ተመራማሪ መለኪያውን በ1935 እ.ኤ.አ. ያወጣው ለደቡብ ካሊፎርኒያና እዚያ ለነበረ አንድ ዓይነት መሣሪያ ነበር። በጣም ትላልቅ ርዕደ መሬቶች ላይ ቁጥሩ ከሆነ ደረጃ በላይ አልወጣ ስለሚል፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ሃንክስና ካናሞሪ ሌላ መለኪያ አመጡ። ይህኛው የተንሸራተተውን የስንጥቅ ስፋት፣ የተንሸራተተበትን ርቀትና የዐለቱን ግትርነት ያሰላል። ዛሬ ለመካከለኛና ለትልቅ ርዕደ መሬት ዓለም አቀፍ የመከታተያ ማዕከላት በብዛት የሚሰጡት በዚህ የተሰላውን ነው። «በሬክተር ስኬል» የሚለው ሐረግ በልማድ ቀረ። ብትሉት ሰው ይገባዋል፤ «መጠኑ 5.8 የሆነ ርዕደ መሬት» ማለት ግን አጭርም ትክክልም ነው። ቁጥሩ መለያ አሃድ ስለሌለው «5.8 ሬክተር»፣ «5.8 ዲግሪ»፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ «5.8 በመቶ» አይባልም።

የቁጥሮቹ ርቀት እንደ ገበያ ሒሳብ አይታይም። መጠኑ በአንድ ሲጨምር በመሣሪያው ላይ የሚሣለው ሞገድ ቁመቱ 10 እጥፍ ይሆናል፣ የሚለቀቀው ጉልበት ደግሞ 32 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በሁለት ሲጨምር ጉልበቱ ወደ 1,000 እጥፍ ይጠጋል። «ትናንት 5.8 ነበር፣ ዛሬ 5.2፣ ያው ነው» የሚል ሰው ተሳስቷል፤ የዛሬው ጉልበት ከትናንቱ ስምንት አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። «ባለ 4 ርዕደ መሬት ከባለ 8 ግማሽ ነው» ብሎ ማስላትም ፈጽሞ አይሆንም።

ለአንድ ርዕደ መሬት ሁለት ማዕከላት ሁለት ቁጥር ቢሰጡ ዋሽተዋል ማለት አይደለም። የታኅሣሡን አንዱ 5.7፣ ሌላው 5.8 ብሎ ዘግቦታል። እያንዳንዱ ማዕከል የራሱን ጣቢያዎች፣ የራሱን ስሌት ይጠቀማል፤ የመጀመሪያው ቁጥርም መረጃ ሲጠራቀም ይታረማል። የ0.1 ወይም የ0.2 ልዩነት የተለመደ ስለሆነ፣ ስትጽፉ የማን ቁጥር እንደሆነ ጥቀሱ፣ የመጀመሪያው ግምት ከሆነም «በመጀመሪያ ግምት» በሉ።

የንዝረት ደረጃ ሌላ ነገር ነው። መነሻው ጣሊያናዊው ጁሴፔ ሜርካሊ በ1902 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ ሲሆን፣ በኋላ ተሻሽሎ ከ1 እስከ 12 ደረጃ አለው፤ በሮማውያን ቁጥር ይጻፋል፣ ነጥብ የለውም። የሚለካውም በሰውና በዕቃ ነው። 2ኛና 3ኛ ደረጃ ላይ ፎቅ ላይ ያሉ፣ ጋደም ያሉ ሰዎች ብቻ ያውቁታል፤ የተንጠለጠለ አምፖል ይወዛወዛል። 4ኛው ላይ ሳህንና መስኮት ይንኳኳል፣ የቆመ መኪና ይነቃነቃል። 5ኛው ላይ ሁሉም ሰው ለማለት ይቻላል ይሰማዋል፣ የተኛው ይነቃል፣ ረከቦት ላይ ያለ ሲኒ ይገለበጣል። 6ኛው ላይ ከባድ ቁምሳጥን ይንሸራተታል፣ እዚህም እዚያም ልስን ይረግፋል። ከ7ኛው ጀምሮ ነገሩ የግንባታ ጥራት ጉዳይ ይሆናል፤ በደንብ የተሠራው ብዙ ሳይጎዳ ያመልጣል፣ በደካማው ላይ ጉዳቱ ይከብዳል።

የተሰማችሁን ስትናገሩ

«ተንቀጠቀጠ» ብቻ ካላችሁ ብዙ መረጃ ይቀራል። አማርኛ ለእንቅስቃሴ ሀብታም ነው፤ እያንዳንዱ ግስ ለባለሙያው የየራሱን ነገር ይነግረዋል። «ተወዛወዘ» ቀስ ያለ፣ ወዲያና ወዲህ የሚል ነው፤ ከሩቅ የመጣ ርዕደ መሬት በፎቅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሰማው። ፈጣኑ ንዝረት መንገድ ላይ እየደከመ ይቀራል፣ ዝግተኛው ግን ይዘልቃል፤ ረዥም ሕንፃም ለዝግተኛው ይመቸዋል። መሬት ላይ ያለ ጎረቤት «ኧረ ምንም አልተሰማኝም» ቢል ሁለታችሁም እውነት ተናግራችኋል። «ተንገጫገጨ» ኮሮኮንች ላይ እንደሚሄድ መኪና ፈጣንና ሻካራ ነው፤ መነሻው ቅርብ ሲሆን ይበዛል። «አነሣና ጣለን» ከታች ወደ ላይ የሆነ ግፊት ነው፤ ቀድሞ የሚደርሰው ፈጣኑ ሞገድ ከመነሻው አቅራቢያ እንዲህ ይሰማል፣ ከሰከንዶች በኋላ ጎን ለጎን የሚንጠው ይከተላል። «ተንቃጨለ» ለብርጭቆና ለሲኒ፣ «ተንኳኳ» ለበርና ለመስኮት፣ «ተሰነጠቀ» ለግድግዳ። ልስኑ ብቻ ከተሰነጠቀ «ልስኑ» በሉ፤ «ቤቱ ተሰነጠቀ» የሚለው ምሰሶና ማገር ተጎዳ ያሰኛል።

ለዘመድም ሆነ ለተመራማሪ የሚጠቅም መልእክት ሰፈር፣ ፎቅ፣ ሰዓት፣ የተንቀሳቀሰ ዕቃና የጉዳት መኖር አለመኖር ይዟል። እንዲህ፦

«ገርጂ፣ 7ኛ ፎቅ። ከሌሊቱ 9:52። የሳሎኑ አምፖል ተወዛወዘ፣ ሲኒዎች ተንቃጨሉ፣ የወደቀ ዕቃ የለም። ሁላችንም ደኅና ነን።»

የመጨረሻዋን ሐረግ ለዘመድ ከላካችሁ መጀመሪያ ላይ አድርጓት። ይኸው ዝርዝር የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ንዝረት የተሰማቸውን ሰዎች በሚጠይቅበት ቅጽ ላይም ይሞላል፤ የንዝረት ደረጃ ካርታው የሚሠራው እንደዚህ ካሉ ምላሾች ጭምር ነው። ምንም ያልተሰማው ሰው መልስም ዋጋ አለው።

ዘገባ ስታነቡ የሚያሳስቱ ነገሮች

ሰዓቱ። ማዕከላቱ የሚጠቀሙት ዩቲሲ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ሦስት ቀንሱ፤ የማይቀነስ ከሆነ መጀመሪያ 12 ጨምሩ፣ ውጤቱ ከ12 ካለፈ ደግሞ 12 አውጡ። 00:52 የሚለው 12:52 ይሆናል፣ ሦስት ሲቀነስ 9:52፤ ሌሊት። 18:30 ደግሞ 15:30፣ 12 ሲወጣለት ከምሽቱ 3:30። ቀኑን ስትጽፉ «ታኅሣሥ 26 ሌሊት» ሁለት ሌሊት ሊባል ስለሚችል «ለታኅሣሥ 26 አጥቢያ» ብላችሁ ቁረጡት፤ አባቶቻችን ያቆዩልን ይህች ቃል ለዚህ የምትመች ናት።

ቦታው። ዝርዝሩ ላይ «ከመተሐራ 20 ኪሎ ሜትር ሰሜን» ዓይነት ነገር ይጻፋል። ኮምፒውተሩ በቅርብ የሚያውቃትን ከተማ ስም ይዞ ነው እንጂ ከተማዋ መነሻ አይደለችም። «ከ» እና «ሰሜን» ተቆርጠው «መተሐራ ላይ» ሲባል ነው ወሬው የሚበላሸው። ከመሬት በታች ስንጥቁ የጀመረበት ነጥብ «ምንጭ»፣ ከእሱ ትክክል በላዩ ገጸ ምድር ላይ ያለው ነጥብ ደግሞ «ማዕከል» ይባላል።

ጥልቀቱ። «10 ኪሎ ሜትር» የሚለው ተደጋግሞ ቢታያችሁ አትገረሙ። ጥልቀቱን በትክክል ለማስላት የሚያበቃ ቅርብ ጣቢያ ሲጠፋ የመከታተያ ማዕከላቱ 10ን እንደ መነሻ አስቀምጠው ሌላውን ያሰላሉ። ስለዚህ «ሁሉም ከአንድ ጥልቀት መጡ» ብሎ መደምደም አይቻልም።

ዓመቱ። እዚህ ላይ ትልልቆቹም ይሳሳታሉ። ማጀቴን ያወደመው የካራ ቆሬ ርዕደ መሬት በ1961 እ.ኤ.አ. ማለትም በ1953 ዓ.ም. የደረሰ ነው። አፋር ውስጥ ሰርዶን ያፈረሰው ደግሞ በ1969 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ በ1961 ዓ.ም.። «የ61ዱ ርዕደ መሬት» ካላችሁ ሁለት አደጋዎች ይደበላለቃሉ፤ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳትጽፉ አትለፉ። ካራ ቆሬም በደሴ መንገድ ያለው እንጂ የአዲስ አበባው ሰፈር አይደለም።

ተከታይ፣ ትንበያ፣ ማስጠንቀቂያ

ከትልቁ በኋላ የሚመጡትን ትናንሾች «ተከታይ ርዕደ መሬት» እንበላቸው፤ ብዙ ሰው «ተከታይ ንዝረት» ይላቸዋል፣ እሱም ያግባባል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ስሙ የሚሰጠው ወደ ኋላ ተመልክቶ መሆኑ ነው። ዛሬ «ዋናው» ያልነው ነገ የሚበልጠው ከመጣ «ቀዳሚ» ይሆናል። «ዋናው አልፏል፣ የቀረው ተከታይ ነው» ብሎ ሰውን ማዘናጋት አይገባም። በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራ ተራሮች መካከል የታየው ዓይነት ደግሞ ከነጭራሹ ዋና የሚባል የለውም። ቅልጥ ዐለት በስንጥቅ ውስጥ እየሠረገ ዐለቱን ሲገፋ የሚነሣ፣ ለሳምንታት አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚል ነውና «ተከታታይ ርዕደ መሬት» ነው ስሙ። አንዲት ፊደል ናት ልዩነቷ፤ «ተከታይ» ማብቃቱን ያስጠብቃል፣ «ተከታታይ» ገና መቀጠሉን።

«ትንበያ» የሚለውን ቃል ለርዕደ መሬት አትጠቀሙ። ቀንና ሰዓት ለይቶ የሚናገር ሳይንስ የለም፤ «ዛሬ ማታ 7 ሰዓት ላይ ከባዱ ይመጣል» የሚል መልእክት የማንንም ስም ይዞ ቢመጣ ሐሰት ነው። ባለሙያዎች የሚሰጡት «የስጋት ግምት» ነው፤ በዚህ አካባቢ፣ በዚህን ያህል ዓመት ውስጥ፣ ይህን ያህል ብርቱ ንዝረት የመምጣት ዕድሉ እንዲህ ነው የሚል። «ቅድመ ማስጠንቀቂያ» ደግሞ ርዕደ መሬቱ ከተነሣ በኋላ፣ ንዝረቱ እናንተ ጋ ሳይደርስ በሰከንዶች ቀድሞ የሚመጣ መልእክት ነው፤ አንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች የሚያሰሙት ይህን ነው። ከትንበያ ጋር አንድ አይደለም።

በዚያች ሰከንድ ምን ብላችሁ ትጮኻላችሁ?

«ርዕደ መሬት!» ብሎ መጮኽ ረዥም ነው፣ ልጅም አይገባውም። «ውጡ!» ወይም «ውረዱ!» ደግሞ በፎቅ ቤት አደገኛ ቃል ነው፤ ሰው እየተናጠ ወደ ደረጃ ይሮጣል፣ እዚያም ይረጋገጣል፣ ወይም ከላይ የሚረግፍ መስታወትና ብሎኬት ያገኘዋል። በብረትና በሲሚንቶ በተሠራ ሕንፃ ውስጥ የሚጮኸው «ጠረጴዛ ሥር!» ነው፤ ቀጥሎ «ራስህን ሸፍን! እግሩን ያዝ!»፤ የጠረጴዛውን እግር ማለት ነው፣ ሲንሸራተት አብሮ ለመሄድ። ጠረጴዛ ከሌለ «ዝቅ በሉ!» በሉ፤ ከመስኮትና ከቁምሳጥን ርቆ ተንበርክኮ ራስንና ማጅራትን በክንድ መሸፈን ነው። «ውጡ!» የሚሠራው ምድር ቤት ባለ የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ቤት ውስጥ፣ በሩ ሁለት ሦስት እርምጃ ላይ ሆኖ ውጭው ሜዳ ሲሆን ነው። ቤታችሁ የትኛው እንደሆነ ዛሬ ለዩና ቃሉን ከልጆቻችሁ ጋር አንዴ ሁለቴ ጮኻችሁ ተለማመዱት። መንቀጥቀጡ ሲቆም፣ ያኔ «ውጡ» ማለት ይቻላል፦ በደረጃ፣ ጫማ አድርጎ፣ ሊፍት ሳይነኩ።